የጨፋ ሸለቆ ሰዎችና ዘመቻ፦ ከክተት አዋጅ እስከ ቀበሌ ኮታ

ሸለቆውና የጥያቄው ወሰን

የጨፋ ሸለቆ ከወሎ ደጋ ግርጌ፣ ቦርከና ወንዝ ወደ አዋሽ በሚወርድበት አቅጣጫ የተዘረጋ ረግረጋማ ሜዳ ነው። ስሙ ከኦሮምኛው «ጨፌ» ጋር ይዛመዳል፤ ውኃ የማይለየውን ለምለም ሣር መሬት ያመለክታል። ከፍታው 1,450 ሜትር ገደማ ነው። ዋና ከተማው ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። በሸለቆውና በዙሪያው ኦሮሞ፣ አርጎባና አማራ ይኖራሉ። በጋው ሲበረታ ደግሞ አፋሮች ከብታቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ በ1994 ዓ.ም. የቀረበ የተባበሩት መንግሥታት ጥናት ሸለቆው 50,000 አርብቶ አደሮችንና 200,000 ከብቶችን የሚያስጠጋ መሆኑን ገልጿል። አካባቢው ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አካል ነው። ቀድሞ የቃሉ አውራጃ ይባል ነበር።

ከዚህ አገር ስንት ሰው ዘመተ፣ ለማን ዘመተ፣ በምን ግዴታ ዘመተ የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ችግሩ «ዘመተ» ከሚለው ቃል ይጀምራል። ዘማች ስንቁን ቋጥሮ ለአንድ ዘመቻ ወጥቶ፣ ሲመለስ እርፉን የሚጨብጥ ገበሬ ነው። ወታደር በቀለብ፣ በኋላም በደመወዝ የሚያድር ነው። ነጭ ለባሽ የአገሩን ጸጥታ እንዲጠብቅ የታጠቀ ባላገር ነው። ሚሊሺያ የሚለው ቃል በደርግ ዘመን ግንባር ድረስ የተላከውን ገበሬ ይመለከት ነበር፤ ዛሬ የቀበሌ ታጣቂ ማለት ሆኗል። ባንዳና አርበኛ ደግሞ የሥራ መጠሪያ ብቻ አይደሉም፣ ፍርድም ናቸው። እነዚህን ሁሉ «የሸለቆው ወታደሮች» ብሎ በአንድ ቁና መስፈር የተለያየ ግዴታንና የተለያየ ዋጋን ያደባልቃል።

በእንግሊዝ ገጠር ነገሩ የተለየ መልክ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየአጥቢያው የሞቱት ሰዎች ስም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የሄደባቸው ሁሉ በሕይወት የተመለሰላቸው ጥቂት ደርዘን መንደሮች እንኳ አንድ በአንድ ተለይተው ተመዝግበዋል። እዚያም ቢሆን የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ሙሉ አይደለም፤ ከዚያ ጦርነት ተራ ወታደሮች ማኅደር አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1940 በለንደን በደረሰው የአየር ድብደባ ተቃጥሏል። ወረቀቱ ያጎደለውን የመንደሩ ድንጋይ ይሞላዋል። በጨፋ ግን መቁጠሪያው ራሱ ሌላ ነበር። ለረጅም ዘመን ዘማች የተቆጠረው በመንደሩ ሳይሆን በጌታው ነው።

ከጌታ ኋላ መዝመት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የወሎን ጦር የሚመራው የወረ ሂመኖ ገዥ የነበረው ኢማም መሐመድ አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥቶ ራስ ሚካኤል ተባለ። ዘመቻ ሲታወጅ ንጉሡ ራስ ሚካኤልን ያዝዛል፣ ራስ ሚካኤል ባላባቱን፣ ባላባቱ ጭቃ ሹሙን፣ ጭቃ ሹሙም ባላገሩን። በየደረጃው የሚቆጠረው «የእገሌ ሰው» ነው። ዜና መዋዕሉም በዚሁ ልማድ የመኳንንቱን ስም ከነማዕረጉ ዘርዝሮ፣ ተከታዩን «ሠራዊቱ» በሚል አንድ ቃል ያልፈዋል።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲነገር ለሸዋ ጦር የተቀጠረው ቦታ ወረኢሉ ነበር። ወረኢሉ ከጨፋ በላይ ባለው ደጋ ላይ ያለች የጦር ከተማ ናት። አዋጁ ጉልበት ያለው እንዲዘምት፣ ጉልበት የሌለው በጸሎት እንዲረዳ የሚል ነበር። በተግባር ግን አንድ ሰው መዝመቱን የሚወስነው የጉልበቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ለዘመቻ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ ያስፈልጋል፤ ይህን ለወራት በሚበቃ መጠን የምታሰናዳ ሴት ያስፈልጋል፤ የሚጭን አህያ ወይም በቅሎ ያስፈልጋል። ብዙ ሴቶችም እንጨት እየለቀሙ፣ ውኃ እየቀዱ፣ እየጋገሩ ከጦሩ ጋር ተጉዘዋል። ስለዚህ አንድ ዘማች ሲቆጠር ያልተቆጠሩ ሁለትና ሦስት ሰዎች ከኋላው አሉ። የሸለቆው ወንዶች የጦር ታሪክ ብሎ ለብቻ መጻፍ የሚያስቸግረው አንዱ በዚህ ነው።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ስም ከፍ ብሎ ይነሣል። በጄኔራል ዳቦርሚዳ ይመራ በነበረው የጣሊያን ብርጌድ ላይ በደረሰው ጥቃት የወሎ ኦሮሞ ፈረሰኛ ድርሻ በኢትዮጵያም በውጭም ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የዛሬውን የኦሮሞ ዞን ሕዝብ በቀጥታ የዚያ ፈረሰኛ ወራሽ የሚያደርግ አነጋገር ተለምዷል። ይህ አነጋገር አንድ ነገር ይዘላል። ፈረስ የደጋ እንስሳ ነው። በቆላ የፈረስ በሽታ ያጠቃዋል፣ እንደ ጨፋ ያለ ረግረግ ደግሞ ለእርባታው አይስማማም። የፈረሰኛው ጦር ዋና ምንጭ ወረ ሂመኖና በዙሪያው ያለው ደጋ እንደነበረ ማሰቡ ከአገሩ አቀማመጥ ጋር ይስማማል። የቆላው ሰው ዘምቶ ከሆነ በእግረኛነት፣ በጫኝነት ወይም በከብት ነጂነት መዝመቱ ይበልጥ ያስኬዳል። ሌላው ወገን በበኩሉ ባላባቱ ከደጋ ፈረስ ገዝቶ ወይም በሽልማት አግኝቶ ሰዎቹን ሊያስታጥቅ ይችል እንደነበረ ያነሣል፤ የቃሉ ባላባቶች ከደጋው ጋር በጋብቻና በንግድ የተሳሰሩ መሆናቸውም ለዚህ ክርክር ያግዛል። ሁለቱ አስተያየቶች አይጣሉም። የሚጣላው «የወሎ ፈረሰኛ» የሚለውን ስም ለመላው ወሎ እኩል ማደል ነው።

በቃል ታሪክ በኩል ዘመንን ለመለየት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ የጠመንጃው ስም ነው። አያቱ ውጅግራ ይዞ ዘመተ የተባለለት ሰው የፈረንሳዩን ግራ ጠመንጃ ዘመን ይጠቁማል፤ ይህ መሣሪያ በ1860ዎቹ ዓ.ም. የወጣ ነው። ምንሽር ከዚያ የኋላ ነው። ክላሽ ከተባለ ደግሞ ታሪኩ በአብዛኛው ከ1969 ዓ.ም. በኋላ፣ የሶቭየት መሣሪያ በብዛት ከገባበት ጊዜ ወዲህ ነው። ማስረጃው ግን ከስሕተት አያድንም፤ ውጅግራ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በጣሊያን ወረራ ጊዜም ይተኮስ ነበርና።

ከንጉሥ ጋር የተዋጋ፣ ንጉሥን የተዋጋ

የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የክርስቲያኑን የሃይማኖት ክርክር ዘግቶ በወሎ ሙስሊም ላይ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማሙ ተጠምቆ ራስ ሲሆን፣ ሌላው እምቢ ብሎ ሸሸ ወይም ጦር አነሣ። ከተነሡት መካከል ስማቸው የሚታወቀው ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ናቸው፤ በ1870ዎቹ ዓ.ም. በምሥራቅ ወሎ የመሩትን ትግል የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አህመድ በሰፊው አጥንቶታል።

እዚህ ላይ የጥናቱ ወሰን ያከራክራል። የውትድርና ታሪክ ማለት ለመንግሥት የተሰጠ አገልግሎት ብቻ ከሆነ ሸህ ጦልሃን የተከተለው ሰው ከታሪኩ ይወጣል። በጦር መሣሪያ የተደረገ ማንኛውም የተደራጀ ተግባር ከሆነ ደግሞ ይገባል፤ ምናልባትም ከአድዋ ዘማች የሚለየው በጌታው ማንነት ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው አመዳደብ ለመዝገብ አያያዝ ይመቻል። ሁለተኛው ግን ለሸለቆው የሚቀርበው ነው፤ አንድ ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ንጉሥን የተዋጋና ለንጉሥ የተዋጋ ሰው ሊኖረው ይችል ነበርና።

የሰገሌ ጦርነትም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልኩ ያነሣል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ አባታቸው፣ በዚያን ጊዜ ንጉሥ የነበሩት ሚካኤል፣ የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ድል አደረጉ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በአሸናፊው ወገን ታሪክ የወሎ ጦር አመፀኛ ነው። ከዘማቹ በኩል ሲታይ ግን የተቀባ ንጉሡ ክተት ብሎት የሄደ ሰው ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ወደ አድዋ የሄደውም በዚያው ሥርዓት፣ በዚያው ጌታ ጥሪ ነበር። ለአንዱ ዘመቻ መታሰቢያ ቆመለት፣ በሌላው ዘመቻ የሞተው ግን በቤተሰቡ ትዝታ ብቻ ቀረ።

ጣሊያን፦ አርበኛ፣ ባንዳ፣ የመንገድ ዳር ባላገር

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጨፋ የሚታወቀው በመንገዱ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ፤ ኅዳር 26 ቀን ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች። መጋቢት 22 ቀን ከማይጨው ሽንፈት በኋላ ጣሊያኖች ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዙ፤ ቀጥሎም ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ያለው የጣሊያኑ አዛዥ የባዶልዮ ጦር ቁልቁል በቦርከና ሸለቆ አድርጎ፣ በጣርማ በር በኩል ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ያንኑ መንገድ በተቃራኒው ወጥቶ፣ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ማለፊያ ሰብሮ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴን ያዘ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሸለቆው ሁለት ጊዜ የሞተር ጦር አሳልፏል። ከዚያ ቀደም በእግርና በበቅሎ ያሳለፈው ከቁጥር በላይ ነው። መንገድ ዳር ለሚኖር ባላገር ጦርነት ማለት ብዙውን ጊዜ መዝመት ሳይሆን ድርጎ መስጠት፣ ከብት መነዳትና ጓዝ መሸከም ነበር። ይህም በውትድርና ታሪክ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው የሚገባ ሸክም ነው።

ስለ ወረራው ዘመን ያለው ትልቁ ክርክር የሃይማኖት ነው። ጣሊያን ሙስሊሙን ለማቅረብ መስጊድ መሥራቱና ዐረብኛን ማበረታታቱ የታወቀ ነው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ጸሐፊዎች የወሎ ሙስሊም ቆላ በአመዛኙ ከጣሊያን ጎን እንደቆመ አድርገው ያቀርባሉ። ሌሎች የሚመልሱት ባንዳ የተመለመለው ከክርስቲያኑ ደጋም፣ ከሰሜንም፣ ከሸዋም መሆኑን በማስታወስ ነው። ሁለተኛው ወገን የጠነከረ ማስረጃ አለው። ለባንዳነት የሚገፋፋው ደመወዝ፣ የአካባቢ ቂም፣ ከሰገሌ ጀምሮ በሸዋ ሹማምንት ላይ የነበረ ቅሬታና የባላባቱ ውሳኔ ነበር፤ ሃይማኖት ከእነዚህ ጋር ሲደረብ እንጂ ለብቻው ሲሠራ አይታይም። በዚያ ላይ አንድ ሰው በ1929 ዓ.ም. ባንዳ፣ በ1933 ዓ.ም. አርበኛ ሊሆን ይችል ነበር፤ የኋላኛው ስሙ ብቻ ለሽልማት ተጽፏል።

ደመወዝተኛው ወታደር

ከነጻነት በኋላ ሠራዊቱ በእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ወዲህ ደግሞ በአሜሪካ ርዳታ በአዲስ መልክ ተደራጀ። ለገጠሩ ሰው ዋናው ለውጥ ውትድርና የገበሬው ወቅታዊ ግዴታ መሆኑ ቀርቶ ለጥቂቶች ሙያ መሆኑ ነው። ወታደር ለመሆን የፈለገ ወደ ከተማ ወጥቶ ይመዘገባል፤ በስሙና በአባቱ ስም ቁጥር ይሰጠዋል። በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከክብር ዘበኛ የተውጣጡ እንደመሆናቸው፣ ከዚህ ዘመን ጀምሮ ወታደሩ በክፍሉ እንጂ በአውራጃው አይታወቅም። ወረቀቱ በዛ፣ መንደሩ ግን ከወረቀቱ ጠፋ። በቀድሞው ሥርዓት ጌታው ሸፍኖት የነበረውን መንደር አሁን ሻለቃው ሸፈነው።

ሚሊሺያና ብሔራዊ ውትድርና

ግዴታው ወደ ገበሬው ደጃፍ የተመለሰው በደርግ ዘመን ነው፤ ከበፊቱም በበለጠ ጥልቀት። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ባላባቱን አስወግዶ በቦታው የገበሬ ማኅበርን አቆመ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፣ ይዳኛል፣ ይመዘግባል። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅም ሰው የሚያቀርበው እሱው ሆነ። በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሕዝባዊ ሚሊሺያ ብዙውን ጊዜ 300,000 እየተባለ ይጠቀሳል፤ ከፊሉ ወደ ኦጋዴን፣ ከፊሉ ወደ ኤርትራ ተላከ። የዘማቹን መሬት የማኅበሩ አባላት እንዲያርሱለት ታዘዘ። ይህ ትእዛዝ በትክክል በተፈጸመበት ቦታ ጎረቤት ሁሉ የጦርነቱ ተካፋይ ነበር፤ ባልተፈጸመበት ደግሞ የዘማች ሚስት መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ኖረች።

አዋጅ ቁጥር 236/1975 ነገሩን ሕግ አደረገው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ዜጋ የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ግዴታ አለበት፤ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ በተጠባባቂነት ይቆያል። በሕጉ ላይ ያለው ይህ ነው። በመሬት ላይ ያለው ኮታ ነው። ከላይ ቁጥር ይወርዳል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርና የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ቁጥሩን ያሟላሉ። ካልሞላ በገበያ ቀን ወይም በሌሊት አፈሳ ይደረጋል። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ገጠር የ18 ዓመት ወሰን የሚለካው በመልማዩ ዓይን ነው፤ የሁለት ዓመት ገደብም ጦርነቱ ባልቆመበት ትርጉም አልነበረውም።

የዚያን ዘመን ምልመላ በሚመለከት ሁለት አመለካከት አለ። አንደኛው ኮታው ለመላ አገሪቱ የወጣ በመሆኑ ሸክሙ በጥቅሉ እኩል ነበር ይላል። ሌላው ሸክሙ በድሀውና ዘመድ በሌለው ላይ መውደቁን፣ በመንገድ ዳር ያለ መንደር ከሩቁ ይልቅ መታፈሱን፣ ከብቱን ይዞ ወደ ቆላ መውረድ የሚችል ደግሞ ማምለጡን ያሳስባል። ለጨፋ የኋለኛው አመለካከት ይበልጥ ይስማማል። ዋናው አውራ ጎዳና ሸለቆውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ የጭነት መኪና ቀበሌው በር ላይ ይቆማል። በአንጻሩ ወደ አፋር ሜዳ የሚያወጣው የከብት መንገድ ክፍት ነው። አንድ መልክዓ ምድር ለመልማዩም ለተመልማዩም ያገለግላል።

የዚህን ዘመን ቆጠራ የሚያበላሽ ሌላ ነገርም አለ። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ክፉኛ መታ፤ በሸለቆው ምሥራቅ ያለችው ባቲ የመጠለያ ጣቢያዋ በዓለም ሁሉ ታወቀ። በሠፈራ ፕሮግራሙ ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ከተወሰደው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከግማሽ በላዩ ከወሎ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ መንደር የጠፋ ጎልማሳ ወታደር ሊሆን ይችላል፣ ሠፋሪ ሊሆን ይችላል፣ በረኃብ ሞቶ ሊሆን ይችላል። «ሄዶ አልተመለሰም» የሚለው የቤተሰብ ቃል ሦስቱንም ይይዛል። የቃል ታሪክ ሰብሳቢ መንገዱን ካልጠየቀ፣ ማለትም በማን መኪና፣ በስንተኛው ዙር፣ ወደ የትኛው ማሠልጠኛ ወይም ሠፈራ ጣቢያ እንደሄደ ካላጣራ፣ ሠፋሪውን ከሙት ወታደር ይቆጥረዋል።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዋለልኝ ዘመቻ ኢሕአዴግ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ የወሎ ግንባር ፈረሰ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚገመተው የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ተመላሾችን ለማቋቋም ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ ገጠር ለሚመለሱት እህል፣ የእርሻ መሣሪያና መሬት እንዲሰጥ ተወሰነ። መሬቱ የሚገኘው ከዚያው ከቀበሌው ድርሻ ስለሆነ የተመላሹ ጥቅም የጎረቤቱ ጉድለት ነበር። ተመላሹ «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ነበረበት። ከሰባት ዓመት በኋላ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ግን ከዚያው ሠራዊት ልምድ ያላቸው ሰዎች ምልስ ተብለው ተጠሩ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ በአፈሳ ሄዶ፣ ተበትኖ፣ ዳግመኛ በጥሪ የሄደበት ታሪክ በመዝገብ ሁለት ወታደር ይሆናል፤ በቤቱ ግን አንድ አባት ነው። ከዚያ ጦርነት በኋላም ወደ 150,000 የሚጠጋ ሠራዊት ተቀንሶ ወደየቀየው ተመልሷል።

ቅርቡ ታሪክ ገና ያልረጋ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ሲገቡ፣ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት የሚለውና መንግሥት «ሸኔ» የሚለው ቡድን ከሚሴን መያዙን አስታወቀ፤ በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ወደ መንግሥት እጅ ተመለሰች። በዚያ ጊዜ መከላከያ፣ የክልል ልዩ ኃይል፣ ሚሊሺያና ታጣቂ ቡድን በአንድ አገር ተንቀሳቅሰዋል። ማን አገልግሎት ሰጠ፣ ማን አመፀ የሚለው አሰያየም እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ ከሰገሌ ጋር ያለው ምስስል እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል የጸጥታ መዋቅር እንዲገቡ ሲወሰን ከአራቱ ስሞች አንዱ ከሕግ መዝገብ ወጣ።

የዛሬው ክርክር ሌላ መልክ ይዟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽዖ እንዲኖረው ይደነግጋል። ከደዋ ጨፋ ወይም ከአርጡማ ፉርሲ ወረዳ የተመለመለ ኦሮሞ በብሔሩ ከተቆጠረ ከወለጋና ከአርሲ ሰው ጋር ይደመራል፤ በክልሉ ከተቆጠረ ከጎጃምና ከጎንደር ሰው ጋር። የሾንኬ መንደር አርጎባ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ በመሆኑ በሁለቱም አቆጣጠር ሊሰወር ይችላል። አንድ ጊዜ «የእገሌ ሰው»፣ ኋላ «የእገሌ ሻለቃ» ይባል የነበረው የሸለቆው ወታደር አሁን የሚጻፈው በብሔሩና በክልሉ ነው። የመንደሩን ስም የሚይዘው የቀበሌው የምልመላ ቅጽ ብቻ ነው፤ ቅጹ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ሲያልፍ ስሙ ወደ ድምር ይለወጣል።